ያልተወጉት በሬዎች

የሕማማት ረቡዕ ነበር። የማርያምወርቅ እንደ ወትሮዋ ጎህ ሲቀድ ተነስታ ፊቷን ታጠበች፤ አልጋዋን አነጠፈች፤ ጾም ስለሆነ ወደ ማድቤት መግባት አላስፈለጋትም። ከማቀዝቀዣው በረዶ አውጥታ ሰማያዊው ሳጥን ውስጥ ደረደረች። የደም መቅጃ ቲዩቦቹን በሁለት ፌስታል ለያይታ ያዘች፤ መርፌውን፣ ጓንቱን፣ አልኮሉንና ጥጡን በትከሻዋ በምታነግተው ቦርሳ ከተተች። በሩን ስትቆልፍ ጎረቤቷ ለስግደት ለመድረስ ነጠላቸውን እያጣፉ ሲወጡ አገኟት።

«አንቺ ልጅ፣ በሕማማት እንኳ አታርፊም?»

«ዛሬን ብቻ ነው።»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

ባሏ ሣህሌ ከሞተ ወዲህ ሰው ሁሉ ንግግሩን የሚዘጋው በዚህ ነው። ስለ ውሃ መጥፋትም ይጀመር፣ ስለ ሽንኩርት መወደድ፣ መጨረሻው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ነው። «አሜን» አለችና ደረጃውን ወረደች።

ጉርድ ሾላ ላይ ረዳቷ ሄለን ጆሮዋ ላይ የማዳመጫ ገመድ ሰክታ ትጠብቃት ነበር። የካራ ታክሲ እስኪሞላ ተቀመጡ፤ ሞላ፤ ወያላው አሁንም ሰው ጨመረ፤ የበረዶውን ሳጥን ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ ካራ በኮተቤ አቧራ ውስጥ ሄዱ።

የሚሄዱለት ጥናት የሣህሌ ነበር። የእንስሳት ሐኪም ነበረና፣ በሬ ቶሎ የሚያወፍር መድኃኒት በነጋዴዎች አፍ መወራት ሲጀምር ሁሉም ስለ ሥጋው ብዛት ሲያወራ እሱ ስለ ደሙ ጠየቀ። ሥጋው በፍጥነት ሲጨምር ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ምን ይሆናል? ከፕሮቲን የሚተርፈው ዩሪያስ? ፕሮቲኑስ? ጉበቱ ምን ይላል? ካራ ውስጥ ከሚገኝ አንድ ማድለቢያ ጋር ተነጋግሮ፣ ከበሬዎቹ ግማሾቹ ጆሮ ቆዳ ስር ከምስር የማትበልጥ መድኃኒት በመርፌ አስቀመጠ፤ ጆሯቸው ላይ አረንጓዴ ምልክት አደረገላቸው። ለቀሩት ምንም ሳይሰጥ ቢጫ ምልክት አደረገላቸው። መኖው አንድ፣ ውሃው አንድ፣ በረቱ አንድ። እሱ ደም ይቀዳል፤ የደም ኬሚስትሪ የተማረችው የማርያምወርቅ ቤተ ሙከራ ውስጥ ታነባለች። ሥራቸው እንዲህ ተከፍሎ ነበር።

የመጀመሪያውን ደም ራሱ ቀዳ። የሚቀጥለው ሳይደርስ ሞተ።

መሥሪያ ቤቱ ጥናቱ ቢዘጋ እንደማይቀየማት በትህትና ነገራት። አልዘጋም አለች። ከዚያ ወዲህ ራሷ ትቀዳለች፣ ራሷ ታነባለች። የቀረው የመጨረሻው ደም ብቻ ነበር፤ ዋናውም እሱ ነው። መድኃኒቱ የሠራውን ሠርቶ የሚታየው መጨረሻ ላይ፣ ያልተወጉት ከተወጉት ጎን ሲቆሙ ነው።

ከማድለቢያው በር ስትገባ ግን በረቱ ግማሽ ባዶ ነበር። አረንጓዴ ምልክት ያላቸው ፉርሽካቸውን ገንዳ ውስጥ እየላሱ ቆመዋል። ቢጫዎቹ የሉም። የማድለቢያው ባለቤት ገላና አካፋ ይዞ፣ የተጠረገውን እንደገና ይጠርጋል።

«ገላና፣ ቢጫዎቹ የት አሉ?»

«መጀመሪያ እንዴት አደርክ ይባላል እኮ፣ እትዬ።»

«ሕማማት ነው፣ ሰላምታ የለም። ቢጫዎቹ የት አሉ?»

ገላና አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «ሄዱ።»

«ወዴት?»

«ለቅርጫ። የሰፈሩ ሰው ለፋሲካ ተካፍሎ ሊያርዳቸው ትናንት ወሰዳቸው።»

የማርያምወርቅ የበረዶውን ሳጥን መሬት ላይ አስቀመጠች። ሄለን ገመዱን ከጆሮዋ ነቀለች።

«የመጨረሻው ደም ዛሬ እንደሆነ ነግሬህ አልነበረም?»

«ነግረውኛል። ግን ዶክተር ፈቅዶልኛል።»

«የትኛው ዶክተር?»

«የእርስዎው ነዋ! ነፍሱን ይማረውና። ‹ለፋሲካ ያልተወጉትን ሽጥ፤ የተወጉትን ጊዜያቸው ሳይሞላ ብትነካ ግን አልምርህም› ብሎኛል። ዳርቱ ትሙት!»

ከማድቤቱ በኩል የሚስቱ የዳርቱ ድምፅ መጣ። «ራስህ ሙት! እኔ ምን አደረግኩህ?»

የማርያምወርቅ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። ሣህሌ ይህን ብሎ ሊሆን ይችላል። ‹አልምርህም› የሚለው የእሱ አነጋገር ነው። ግን ከፊቱ ‹ደም ከተቀዳ በኋላ› ሳይል እንደማይቀር እርግጠኛ ነበረች፤ እሱ ከፊቱ ወይ ከኋላው ቅድመ ሁኔታ የሌለው ዓረፍተ ነገር ተናግሮ አያውቅም። ሰው የሚያስታውሰው የሚመቸውን ግማሽ ሆነና ተቸገረች። የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ዶክተር ፈቅዶልኝ ነበር ብሎ ግቢው ውስጥ ጎመን ዘርቷል። ጋራዡ ዶክተር አዞኝ ነበር ብሎ መኪናውን ፈታቶ አስቀምጧል። ሰው ከሞተ በኋላ ይህን ያህል ነገር ይፈቅዳል ብላ አስባ አታውቅም።

«ደግሞ ለምን ቢጫዎቹን ብቻ? በገበያ ሌላ በሬ ጠፋ?»

ገላና በእውነት ተገረመ። «እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተዋወቁልኝ?»

ያኔ ትዝ አላት። በጾሙ አጋማሽ በእድር ስብሰባ ላይ የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ ሰርፀ ከሰው ሁሉ ፊት ‹ልጄ፣ እነዚያ የምትወጓቸው በሬዎች ይበላሉ ወይ?› ብለው ጠይቀዋት ነበር። እሷም እንደ ተማረ ሰው በጥንቃቄ መለሰች፦ አረንጓዴ ምልክት ያላቸው ጊዜያቸው እስኪሞላ አይበሉም፤ ቢጫ ምልክት ያላቸው ምንም አልተሰጣቸውም። ሰዉ ራሱን ነቅንቆ ተበተነ። እሷ ጉዳዩ ያለቀ መስሏት ነበር። በሳምንቱ ከኮተቤ እስከ አያት ኮንዶሚኒየም ድረስ ‹ጉትቻው ቢጫ የሆነውን በሬ› የሚፈልግ ሰው ለገላና ስልክ ይደውል ጀመር።

«ማስታወቂያ ባስነግር እንዲህ አይሸጥልኝም ነበር» አለ ገላና፤ በማመስገን ነው የተናገረው።

«አሁን የት ነው ያሉት?»

«ሁሉም ጋሽ ሰርፀ ግቢ ታስረዋል። ሰፊ ነው ተብሎ።»

የጋሽ ሰርፀ ግቢ ከካራ ወደ እንጦጦ ሰንሰለት በሚወጣው ዳገት ላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ነው። ሁለቱ ሴቶች ሳጥኑን በየተራ እየተሸከሙ ወጡ። ሄለን መንገዱን ሙሉ አጉረመረመች። «ዶክተር፣ ይሄ እኮ ክራይም ነው። ሪሰርች ላይ ያለ በሬ ይበላል እንዴ? ሪፖርት እናድርገው።»

«ለማን?»

ሄለን አሰበችና ሳጥኑን በሌላው ትከሻዋ አደረገች።

በሬዎቹ ከባሕር ዛፎቹ ስር በየግንዱ ታስረው ሳር ይበላሉ። ጋሽ ሰርፀ ከስግደት ተመልሰው ጉልበታቸውን እያሻሹ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ሕይወታቸውን ሙሉ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩና ቅርጫውንም እንደ መሥሪያ ቤት ነው የሚመሩት። ዙሪያቸውን የቅርጫው አባላት ቆመው አንደኛው በሬ ከሌላው ይበልጣል፣ አይበልጥም እያሉ ይከራከራሉ። ከሁሉም በላይ የምትሰማው ዘውድነሽ ናት፤ ጠላ ቤት ያላት፣ ግቢው ለድምጿ የማይበቃት ሴት።

«ጋሽ ሰርፀ፣ ይቅርታ፤ ከሥራችን አንዲት ነገር ቀርታ ነው» አለች የማርያምወርቅ። «ከእያንዳንዳቸው ጥቂት ደም ልቅዳና እሄዳለሁ። ሲኒ እንኳ አትሞላም።»

«በምን ትቀጂዋለሽ ልጄ?»

«በመርፌ።»

ክርክሩ ቆመ። ጋሽ ሰርፀ ጉልበታቸውን ማሸት ተዉ።

«ልጄ፣ እኛ እነዚህን የመረጥናቸው እኮ መርፌ ያልነካቸው ስለሆኑ ነው።»

«ይሄ የሚያስገባ መርፌ አይደለም ጋሽ ሰርፀ። የሚያወጣ ነው።»

«ሳይገባ እንዴት ያወጣል?» አለች ዘውድነሽ።

«ይገባል፤ ግን ይዞት የሚገባው ነገር የለም።»

«ባዶውን ምን ሊያደርግ ይገባል ታዲያ? እኔ ክሊኒክ ደም እንቀዳሽ ብለው ክንዴ ሳምንት ነው ያበጠው። ‹ምንም አልከተትንም› ነበር ያሉኝ።»

ሰዎቹ ሳቁ። የማርያምወርቅ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ደም ምን እንደሆነ፣ መድኃኒት ምን እንደሆነ፣ መስጠትና መውሰድ ምን ያህል እንደሚራራቁ አስረዳች። ለተማሪዎቿ ስታስረዳ ነገሩን የማያውቅ ሰው እንኳ ይገባው ነበር። አንድ ሽማግሌ በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ «እንግዲህ መርፌው አንድ ነው፣ ሐሳቡ ነው የሚለየው ማለትሽ ነው» አሉ። ያ በጣም ልክ ነበር።

ሄለን ግን ትዕግሥቷ አለቀ። «ኧረ በናታችሁ! ኖርማል ነገር እኮ ነው። እነዚህን በሬዎች ስንት ጊዜ ቀድተናቸዋል፤ ምን ሆኑ?»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የገባት።

«ምን አለች?» አሉ ጋሽ ሰርፀ።

«ተወግተዋል!» አለች ዘውድነሽ። «እነዚህም ተወግተዋል! ገላና ጉድ ሠራን! ሁለት ወር ሙሉ ሽሮ ስንልስ ከርመን በመርፌ የተበሳሳ በሬ ሊያበላን!»

ገላና በስልክ ተጠራ። ከዳገቱ ስር በባጃጅ መጥቶ ሲደርስ ግቢው በጩኸት ተሞልቶ ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራሉ፤ በሬዎቹ ብቻ ሳራቸውን ይበላሉ። ገላና ወደ የማርያምወርቅ ዞሮ «እትዬ፣ ምን አድርጌዎት ነው?» አለ። ድምፁ እንደ ተከዳ ሰው ነበር። መቆጣት የነበረባት እሷ ሆና ሳለ የሚቆጣው እሱ መሆኑን ስታይ መሳቅ ቃጣት፤ አልሳቀችም።

ጩኸቱን የቆረጠው አንድ ወፍራም ሰውዬ ነው፤ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። «ቆይ፣ አንድ ነገር ላስላ» አለ። «ቢጫዎቹም ተወግተዋል፤ አረንጓዴዎቹም ተወግተዋል። አይደል?»

«አዎ!» አሉ።

«ሁሉም ከተወጋ፣ ወፍራሙ እያለ ቀጭኑን የምንበላው ምን ቆርጦን ነው?»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። አረንጓዴዎቹን ያላየ ሰው አልነበረም። ሻኛቸው የተከመረ፣ ታፋቸው እንደ ተነፋ ጎማ የተወጠረ። «እውነቱን ነው» አለች ዘውድነሽ። «ገላና፣ እነዚህን መልስና እነዚያን አምጣልን።»

ገላና ራሱን አከከ። «እነዚያን ዶክተር ከልክሎኛል። አልምርህም ብሎኛል።» ከዚያ ዓይኑን የማርያምወርቅ ላይ ጣለ። «እትዬ ካሉ ግን... እሳቸው የዶክተር ወኪል አይደሉ? እትዬ ዝም ካሉ እሰጣለሁ።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

ነገሩ በአንድ አፍታ እንዴት እንደተገለበጠ አየችው። ዝም ብትል ቢጫዎቹ ወደ በረታቸው ይመለሳሉ። ከቀትር በፊት የእነሱን ደም ትቀዳለች፤ አረንጓዴዎቹ ለእርድ ከመሄዳቸው በፊት የእነሱንም ትቀዳለች። ጥናቱ ያልቃል። ማንንም አልዋሸችም፤ በሬዎቹ በመርፌ ተነክተዋል፣ ያሉትም እሱን ነው። ሄለን ሳጥኑን እንደ ሕፃን አቅፋ ታያታለች። የዚህ ሁሉ ወር ድካም፣ በየታክሲው የተሸከመችው በረዶ፣ ሣህሌ በእጁ የቀዳው የመጀመሪያው ደም፣ ሁሉም አንዲት ዝም ማለት ብቻ ነው የጠየቃት።

ሣህሌ መድኃኒቱን ከጆሯቸው ቆዳ ስር ሲያስቀምጥ ማን እንደሚበላቸው አያውቅም ነበር። ለዚያ ነው መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ የመቆያ ጊዜ የሚባል ነገር ያለው።

«አረንጓዴዎቹ አይበሉም» አለች።

«አሁን ደግሞ!» ዘውድነሽ እጇን አጨበጨበች። «ቅድም ደም ካልቀዳሁ፣ አሁን አይበሉም። ሴትዮዋ እኛን ከሥጋ ልታፋታን ነው እንዴ የመጣችው?»

«ዘውዴ፣ አንቺ ትንሽ ዝም በይ» አሉ ጋሽ ሰርፀ። ከዱካቸው ተነሱ። «ልጄ፣ ቁርጡን ንገሪን። የሚበላው የትኛው ነው?»

«ቢጫዎቹ። እኛ ከደማቸው ወሰድን እንጂ ምንም ነገር አልጨመርንባቸውም። አረንጓዴዎቹ ውስጥ መድኃኒት አለ፤ ጊዜው አልሞላም። ለማንም አይሰጡ።»

«እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው።»

«ማይልን።»

«ምን?»

«ማይ። እኔ አምንሻለሁ፤ ሰዉ ግን ተደናግጧል። በሕማማት መማል አይገባም፣ አውቃለሁ። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን። ማይና ይለቅ።»

ድካሙ፣ ጸሐዩ፣ ከጠዋት ጀምሮ አንዱን ነገር ለአሥራ ሁለተኛ ጊዜ ማስረዳቱ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣባት። «ጋሽ ሰርፀ፣ ምን በወጣኝ እዋሻችኋለሁ?» አለች፤ ከቀኑ ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ከፍ አለ። «መድኃኒት የለባቸውም አልኳችሁ፣ የለባቸውም! ሣህሌ ይ...»

አፏ ከሐሳቧ ቀድሞ ነበር። ከሠርጓ ማግስት ጀምሮ የምትምለው በእሱ ነው። ለጎረቤት፣ ለነጋዴ፣ ለእናቷ፣ ለእሱ ለራሱ። የቀሩት ሁለት ፊደሎች ጥርሷ ላይ ቀሩ።

 ዘውድነሽ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ገላና ባርኔጣውን አውልቆ መሬት መሬት አየ። ወፍራሙ ሰውዬ ከግድግዳው ተላቀቀ፤ በሬዎቹ ሳር ሲቆርጡ ይሰማል።

«ይበቃል ልጄ» አሉ ጋሽ ሰርፀ። «አምነናል።»

የማርያምወርቅ የቦርሳዋን ማንገቻ አስተካከለች። ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ድምፅዋን እንደ ልማዷ ዝቅ አድርጋ «እንግዲያው ካመናችሁኝ» አለች፣ «ደሙን ከግቢው ጀርባ ወስጄ ልቅዳው። ሰው ሳያይ።»

ሽማግሌው ከሰዎቹ ፈቀቅ አድርገው ወሰዷት። «እኔ በግሌ ስንቱንም ብትቀጂ ግድ የለኝም። ግን አንድ ሰው ካየሽ ማታ አያት ድረስ ይሰማል። ነገ ደግሞ ያ ሰውዬ ሒሳቡን እንደገና ያሰላል። እኔ እዚህ እነዚህን ብጠብቅ፣ እዚያ አረንጓዴዎቹን ከዚህ ሁሉ ሰው ማን ይጠብቃቸዋል? ገላና?»

ሁለቱም ወደ ገላና አዩ። ገላና ባርኔጣውን እያዞረ ለአንድ የቅርጫ አባል ስለ ሻኛ ያስረዳ ነበር።

«ይተዉት» አለች የማርያምወርቅ። «ይቅር።»

ዳገቱን ሲወርዱ ሄለን ታለቅስ ነበር። «ሶሪ ዶክተር፣ በጣም ሶሪ። አፌ ነው።»

«ሳጥኑን አስተካክለሽ ያዢ፤ በረዶው ይፈሳል።»

«ፋሲካ ጠዋት ሲታረዱ ብንቀዳስ? ያኔ ማንም አይከለክለንም።»

«ብዙ ሰው በገመድ ጎትቶ የጣለው በሬ ደም የሚናገረው ስለ ፍርሃቱ ነው፤ ስኳሩ ይሰቀላል፣ ሌላውም ይዘበራረቃል። እኔ የምጽፈው ስለ ፍርሃት አይደለም።»

ከኋላቸው የሩጫ ኮቴ ሰሙ። ዘውድነሽ ነበረች፣ እያለከለከች። «እትዬ የማርያምወርቅ! ሰዉ ተነጋግሯል። ለፋሲካ ድርሻ እንልክልዎታለን። ከጉበቱም ጭምር!»

ሄለን እንባዋን ጠርጋ ጉበቱን ብንመረምርስ በሚል ተስፋ ወደ አለቃዋ ዞረች።

«አይሆንም» አለች የማርያምወርቅ፣ ሳትጠየቅ። ለዘውድነሽ ደግሞ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ምን አስቸገራችሁ» አለች።

ማድለቢያው ተመልሰው የአረንጓዴዎቹን ደም ቀዱ። ገላና በሬዎቹን አንድ በአንድ አንገታቸውን ይዞ ረዳ፤ በዳርቱም አልማለም። ሲጨርሱ የበረቱን በር በራሱ እጅ ቆልፎ ቁልፉን ለየማርያምወርቅ ሰጣት። «እስኪሞላላቸው እርስዎ ጋ ይሁን» አለ። «መኖ ስሰጥ በአጥሩ ላይ እወረውርላቸዋለሁ።» ዳርቱ ከማድቤት ወጥታ የውሃውንስ እንዴት ልታደርግ ነው ብላ ጠየቀችው። ቁልፉን መልሶ ወሰደ።

ከሰዓት በኋላ ቤተ ሙከራ ገብታ ደሙን በማሽን አዞረች፣ ለያየች፣ አነበበች። የአረንጓዴዎቹ ዩሪያ ከመጀመሪያው ደም በግልጽ ወርዷል፤ ስኳሩ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ የጉበቱ ውጤት ግን ግራ ያጋባል። መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። ፉርሽካው ሊሆን ይችላል፤ ገላና በመካከል ፉርሽካ ከሌላ ወፍጮ ማምጣት ጀምሮ ነበር። የበጋው ሙቀት ሊሆን ይችላል፤ ዕድሜያቸው ሊሆን ይችላል። ይህን ለይቶ የሚናገረው፣ ከእነሱ ጋር ያንኑ የበላ፣ ያንኑ የጠጣ፣ መድኃኒቱን ብቻ ያልወሰደ በሬ ደም ነው።

መብራቱን አጠፋች። ለቢጫዎቹ በተያዘው ሁለተኛው ፌስታል ውስጥ ያሉት ቲዩቦች እንደታሸጉ ናቸው። ጥናቱ መጀመሪያ አለው፣ መካከል አለው፣ የተወጉት በሬዎች መጨረሻም አለው። ማነጻጸሪያ የለውም።